ስክሪፕት ለምትጀምሩ፦ የአኒታ ሉስን ብልሃት ፒያሳ ላይ እንሞክረው

ብዙ የጀማሪ ስክሪፕት ሲከፈት ሁለት ሰው ይገናኛል። ሰላም ይባባላሉ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ጠፋህ እኮ፣ አንተ ነህ የጠፋኸው... አንደኛው ገጽ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ፣ ነገሩ ግን ገና አልተጀመረም። እጄ ላይ የሚመጡ ጽሑፎች ውስጥ ይሄን ደጋግሜ አያለሁ። የማውቀው ምርጥ መድኃኒት ደግሞ የሚገኘው ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን መጻፍ ከጀመረች አንዲት ሴት ዘንድ ነው።

አኒታ ሉስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1888 ካሊፎርኒያ ተወለደች፣ በ1981 ሞተች። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር፣ ነገር ስትወረውር ግን የሚቋቋማት አልነበረም። በ1912 አንድ ታሪክ ጽፋ ለፊልም ኩባንያ ላከች፣ 25 ዶላር ከፈሏት፣ ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ዳይሬክት አደረገው፣ ሜሪ ፒክፎርድ ተወነችበት። ከዚያ በኋላ ድምፅ በሌለው ዘመንም፣ ድምፅ ከመጣ በኋላም፣ ለመድረክም፣ ለመጽሐፍም ጻፈች። ድምፅ ሲመጣ ብዙዎች ከሥራ ሲወጡ እሷ አልወጣችም። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ ቃል መቆጠብን የተማረችው ቃል ውድ በነበረበት ጊዜ ነው።

እኛም ጋ ቢሆን ሲኒማ የገባው ዝም ብሎ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን ቤት ሰው «የሰይጣን ቤት» ያለው ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው፣ ማንም ሳያወራለት።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ድምፁን ዝጉት

በዚያን ጊዜ ቃል የሚመጣው በካርድ ነበር። ሥዕሉ ይቆማል፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፣ ሰው አንብቦ ይጨርሳል፣ ሥዕሉ ይቀጥላል። ካርድ በበዛ ቁጥር ፊልሙ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጸሐፊዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማስገባቷ በፊት ይሄ ነገር በዓይን አይታይም ወይ ብላ መጠየቅ ነበረባት። ከታየ ካርድ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ልምምድም ይኸው ነው። ያሰባችሁትን ታሪክ አንድም ሰው ሳይናገር ከዳር እስከ ዳር ጻፉት። «ተናደደ» ብላችሁ አትለፉት፣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። «ትወደዋለች» አይባልም፣ ምን እንዳደረገችለት ይጻፍ።

ከከበዳችሁ ከቤት ውጡ። ቸርችል ጎዳና ላይ ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መስታወት ያለው ካፌ ፈልጉና ውስጥ ተቀመጡ። ውጪ የተቀመጡት ሰዎች ይታዩ፣ አይሰሙ። ከሁሉ የምወደው የሂሳብ ሰዓት ነው። ሁለት ጓደኛሞች ማኪያቷቸውን ጨርሰው ሊነሱ ነው፣ አስተናጋጇ መጣች። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኪስ ይሰዳሉ። አንዱ የሌላውን ክንድ ያዘ፣ ያኛው ለማስለቀቅ ታገለ፣ አንዱ ብሩን ወደ አስተናጋጇ ሲዘረጋ ሌላው እጁን መለሰበት። በሞቴ፣ አይሆንም፣ የባለፈውንም አንተ ነህ የከፈልከው፤ ሁሉም ባይሰማም ይታያል። አሁን የአንደኛውን እጅ ልብ ብላችሁ እዩ። ኪሱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቆየ። ቦርሳውን ነክቶታል፣ አላወጣውም። ክንዱንም ያስቀመጠው ጓደኛው በቀላሉ ሊይዝለት በሚችልበት ቦታ ነው። ይሄ ሰው ወይ ዛሬ ብር የለውም፣ ወይ እያለው መክፈል አይፈልግም። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ሂሳቡ ከተከፈለ በኋላ ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር ነው፦ ሀፍረት ከሆነ የለውም፣ እፎይታ ከሆነ አለው። አንድ ቃል ሳትሰሙ ሙሉ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ ወጣችሁ።

የአኒታ ዘመነኛ የነበረችው ፍራንሲስ ማሪዮን የእስር ቤት ፊልም ልትጽፍ ስትል ሳን ክዌንቲን ወኅኒ ቤት ድረስ ሄዳ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1930 በዚያው ፊልም ኦስካር ወሰደች፣ በጽሑፍ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሄዶ ማየት ብር አይጠይቅም።

ባርኔጣውን ጉትቻ አድርጉት

የአኒታ የ1912ቱ ፊልም «የኒው ዮርክ ባርኔጣ» ይባላል። ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ እዩት። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ልትሞት ስትል ትንሽ ገንዘብና ደብዳቤ ለሰፈሩ ቄስ ትተዋለች። ባሏ ቆንጣጣና ጨካኝ ነው፣ ለልጅቷ አንድ የሚያምር ነገር ገዝቶላት አያውቅም፣ ስለዚህ አደራ፣ አልፎ አልፎ ልቧ የተመኘውን ይግዙላት ትላለች። ልጅቷ በሱቅ መስኮት ያየቻትን ውድ ባርኔጣ ቄሱ ይገዛላታል። ደብዳቤውን ያየ ሰው ስለሌለ ሐሜት ይነሳል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቄሱን ሊጠይቁት ይመጣሉ። ደብዳቤውን ያወጣል። ሁሉም ያፍራል። መጨረሻ ላይ ቄሱ ራሱ ልጅቷን ለጋብቻ ይጠይቃታል።

የሚገርመኝ አንድ ዕቃ ይሄን ሁሉ መሸከሙ ነው። ባርኔጣዋ የእናት ፍቅር ናት፣ የአባት ንፍገት ናት፣ የሐሜት ማስረጃ ናት፣ የልጅቷም ኩራት ናት። ማንም ሳያወራ።

አሁን ወደ ፒያሳ አምጡት። እዚህ ከተማ ለባርኔጣ የሚያማ የለም። ወርቅ ግን? ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የወርቅ ቤት መስታወት ፊት ቆማ የምታያት ጉትቻ ትሁን። ቄሱ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ይሁኑ። ሽማግሌዎቹ ሰበካ ጉባኤው ነው። ሐሜቱ ቡና ላይ ይፈላል። የእናትየው አርባ ገና አልወጣም እንበል፣ ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ጆሮዋ ላይ አዲስ ወርቅ ያብረቀርቃል። በነጠላዋ ልትሸፍነው ትሞክራለች፣ ነጠላው ይንሸራተታል። ጎረቤት ጀበናውን እንደያዘች ትቆማለች። ይሄን ትዕይንት ያለ ድምፅ ጻፉና እዩት፣ ምንም አይጎድለውም።

ልምምዱ የሚጣፍጠው መጨረሻው ላይ ሲሰበር ነው። የኛ ቄስ አያገቧትም። ባለትዳር ናቸው፣ ባይሆኑም ከክህነት በኋላ ጋብቻ የለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የንስሐ አባቷ ናቸው። የአኒታ መጨረሻ እዚህ አገር አይሠራም። ስለዚህ የራሳችሁን መፈለግ ግድ ይሆንባችኋል፣ ታሪኩም የናንተ መሆን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው ሰበካ ጉባኤው ፊት ተነበበ እንበል። ከዚያ የማን ፊት ነው የሚታየው? የአባትየው ከሆነ ፊልሙ ስለ አባት ነው። ያቺ ጀበና የያዘችው ጎረቤት ከሆነች ፊልሙ ስለ ምላስ ነው። ልጅቷ ከሆነች ደግሞ፣ ደብዳቤው ከመነበቡ በፊት ሐሜቱ አንገሽግሿት ጉትቻዋን ልትሸጥ ወርቅ ቤት ተመልሳ ይሆናል። ወርቅ ሲሸጥ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የሚታሰበው ግራሙ ነው፣ የእጅ ዋጋው ይቀራል። እናት ያጠራቀመችው ብር ሚዛኑ ላይ ሲያንስ ልጅቷ ቆማ ታያለች። እኔ ብሆን ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ግን ሦስቱንም ሞክሩ።

ጊዜውንም ወስኑ። ፒያሳ በኛ አቆጣጠር በ2016 ብዙ ቦታው ፈርሷል። ታሪኩ ከዚያ በፊት ከሆነ ልጅቷ በየቀኑ በእግሯ የምታልፈው መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ ከሆነ ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል፣ የንስሐ አባትም ጎረቤትም ሊራራቁ ይችላሉ፣ ሐሜቱም ምናልባት በስልክ ነው የሚሄደው። ሁለቱ አንድ ፊልም አይደሉም።

አሁን አምስት ካርድ ይሰጣችኋል

ዝም ያለው ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ለራሳችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ፍቀዱ። ለሙሉው ታሪክ። ያኔ ነው አንድ ንግግር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚገባችሁ።

ግሪፊዝ የአኒታን ጽሑፎች ይገዛና ያስቀምጣቸው ነበር፣ ሲያነባቸው ይስቃል፣ ግን ሳቁ ያለው ንግግሩ ውስጥ ስለሆነ ፊልም ላይ አይወጣም ብሎ ያምን ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን ኤመርሰን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ አነበባቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 ዳግላስ ፌርባንክስ የተወነበትን ኮሜዲ ሲሠሩ ቀልዱን ካርድ ላይ አስገቡት፣ አዳራሹ ሳቀ። በዚያው ዓመት ለግሪፊዝ ትልቅ ፊልም፣ ለ«ኢንቶለራንስ»፣ ካርዶች ጻፈች። ከነዚያ አንዱ የሰው ኑሮ ውስጥ እየገቡ «እናርማችሁ» የሚሉ ሴቶችን ሲያሳይ፣ ሴቶች ወንድ መሳብ ሲያቅታቸው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ምርጫቸው ሌላውን ማረም ነው ይላል። ለሴቶቹ ጨካኝ ነው፣ እኔ ዛሬ አልጽፈውም። አሠራሩን ግን እዩ። ሥዕሉ ላይ ጨዋ ሰዎች መልካም ሥራ ሲሠሩ ይታያል፣ ካርዱ ከሥር ያለውን ይናገራል። ሥዕሉ ያሳየውን ካርዱ አይደግምም።

እኛ ይሄን ከማንም አንማርም፣ ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር ያለን ሰዎች ነን። ግን ስክሪፕት ላይ ስንደርስ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወርቁን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን። የቡናውን ትዕይንት በሁለት መንገድ እንየው። ቀሽሙ ይሄ ነው፦

«እትዬ፣ ሰሙ? አባ ለዚያች እናቷ ለሞተችባት ልጅ የወርቅ ጉትቻ ገዙላት አሉ።»
«ምን? አባ? እሳቸው ቄስ አይደሉ እንዴ? ምን ነክቷቸው ነው?»
«እኔ እንጃ፣ በመካከላቸው አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም። በጣም ነው የገረመኝ።»

ሁሉም ነገር ተባለ፣ ተመልካቹ የሚሠራው ሥራ የለውም። አሁን ጉትቻዋን በሥዕል አሳይተናል፣ ቄሱ ወርቅ ቤት ሲገቡም ጎረቤት አይታለች፣ ስለዚህ ያን መድገም አያስፈልግም። አንዷ ስኒ እያቀበለች እንዲህ ትበል፦

«ንስሐ ዘንድሮ በግራም ሆነ እንዴ፣ እትዬ?»

በቃ። ከዚህ በኋላ ማንም አይናገር። አንዷ ትሳቅ፣ አንዷ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን፣ ትልቋ ሴትዮ ስኒውን ሳትጠጣ ታስቀምጥ። ያቺ አንድ መስመር ስለ ቄሱ፣ ስለ ወርቁ፣ ስለ ተናጋሪዋም ባሕርይ ትነግረናለች። «እትዬ» የምትለውም ቃል አክብሮት ለብሳ ክፋት ታቀብላለች። የናንተን ጽሑፍ ንግግር በንግግር እንዲህ እያላችሁ አጣሩት፤ ሥዕሉ ያሳየውን የሚደግም መስመር ሁሉ ይውጣ፣ በጣም የወደዳችሁት ቢሆንም ይውጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ ተረበኛ ከሆነ ሁሉም እናንተን ይመስላሉ። ቡናው ላይ አንዷ ብቻ ናት እንዲህ የምትናገረው።

ሳቅ የሚፈቀድ መሆኑን ቶሎ ንገሯቸው

ይሄ ኮሜዲ ለምትጽፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኤምጂኤም የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ አንድ ጽሑፍ ነበረው፣ ባለትዳር አለቃዋን ልትወስድ የምትነሳ የቢሮ ጸሐፊ ታሪክ። ልብወለድ ደራሲው ስኮት ፊትዝጄራልድ ሞክሮት ነበር። የስቱዲዮው የፊልም ሥራ ኃላፊ ኧርቪንግ ታልበርግ ግን ጽሑፉ ከበደበት፣ አኒታን ጠርቶ አስቂኝ አድርጊው አላት። አደረገችው። ሆኖም ለሙከራ ሲታይ ሰው ሳቁን እንደያዘ ቁጭ አለ፣ መሳቅ ይቻል አይቻል አልገባውም። ታልበርግ መግቢያ እንድትጨምር ጠየቃት። ጨመረች። ተዋናይዋ ጂን ሃርሎው ቀሚስ ስትለካ ገላዬን ያሳያል ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ሻጯ አዎ፣ ያሳያል ትላታለች። እንግዲያው እለብሰዋለሁ ትላለች።

ጥቂት ሰከንድ ናት። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ ፊልሙም ምን ዓይነት እንደሆነ ገባን። የናንተም ጽሑፍ ቀልድ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ይኑር። ብዙ ኮሜዲ እዚህ ከተማ ሲኒማ ቤት ውስጥ የሚሞተው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ድራማ መስሎ ቆይቶ ድንገት ቀልድ ሲጀምር ነው፣ ያን ጊዜ አዳራሹ ሙዱን ይዟል፣ አይመለስም። ጥቁር የለበሰችው ልጅ ታሪክ ውስጥ ግን ይሄን አታድርጉት፣ እዚያ ሳቁ የሐሜተኞቹ ነው።

ያናደዳችሁን አትጣሉት

አኒታን በዓለም ያሳወቃት እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመችው ልብወለድ የተጀመረው ባቡር ላይ ነው። ባቡሩ ውስጥ አንዲት ፀጉረ ወርቃማ ቆንጆ ነበረች፣ ወንዶቹ ሁሉ ዕቃ ሊያነሱላት ይሽቀዳደማሉ። አኒታ ትንሽዬ ሰውነቷን ይዛ ከሻንጣዋ ጋር ስትታገል ዞር ብሎ ያያት የለም። ተናደደች። ወረቀትና እርሳስ አወጣች፣ ግን ስለ ንዴቷ አልጻፈችም። የጻፈችው በዚያች ቆንጆ ልጅ አንደበት ነው፣ የልጅቷ የቀን ውሎ ማስታወሻ አስመስላ፣ ከነፊደል ስሕተቱ። ልጅቷ የምታስበውን በየዋህነት ትናገራለች፣ ወንዶቹም እሷም የሚጋለጡት በራሷ ቃል ነው።

እንግዲህ እናንተም ያናደዳችሁን ሰው ምረጡና በሱ አፍ ጻፉ። ለገሃር ተሳፍራችሁ መልስ ያልሰጣችሁ ረዳት ይሁን፣ ቢሮ ሄዳችሁ ነገ ተመለሱ ያላችሁ ጸሐፊ ትሁን። የናንተ ቅሬታ እንዳይገባበት። እሱ ራሱን ትክክል አድርጎ ነው የሚያስበው፣ ምክንያት አለው፣ ቀኑን ሙሉ ማን እንደጮኸበት ያውቃል። በሱ አፍ አንድ ገጽ ጻፉና ጓደኛችሁን አስነብቡ። ጓደኛችሁ እሱን እየሳቀበት ትንሽ ካዘነለት ተሳክቶላችኋል። እናንተን ብቻ ካዘነላችሁ ግን እናንተ ናችሁ የተናገራችሁት፣ ቀድዳችሁ እንደገና ጻፉት።

የምትጽፉበት ሰዓት የናንተ ነው። አኒታ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ በእጇ ትጽፍ ነበር።

ስማችሁን አስከብሩ

ይሄን ክፍል ዝለሉት እንዳትሉ እለምናችኋለሁ። ያ ከመዝገብ ቤት ጽሑፏን ያወጣው ጆን ኤመርሰን በኋላ ባሏ ሆነ። ለዓመታት ስሙ ከስሟ ጎን ሲወጣ ኖረ፣ ሥራው ግን በአብዛኛው የሷ እንደነበር በኋላ በትዝታ መጽሐፎቿ ላይ ተናግራለች። ገንዘቧንም የሚይዘው እሱ ነበር። በዓለም ላይ ካሉ ነገር አዋቂዎች አንዷ የነበረች ሴት፣ በስሟ ጉዳይ ግን ብዙ ዘመን ዝም አለች። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛም ቤት ፖስተር ላይ «ደራሲና ዳይሬክተር» ተብሎ አንድ ስም ሲወጣ እውነት አንድ ሰው የሠራው ብዙ ጊዜ አለ፣ ያልሆነበትም ጊዜ አለ። ሴት ጸሐፊዎች ደግሞ ቀድመውንም ነበሩን፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ቴአትር ራሳቸው ይጽፉ ነበር። ስማቸውን ስንቶቻችን እናነሳለን?

ስለዚህ በተግባር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ለፕሮዲዩሰር ያወራችሁት ታሪክ ሐሳብ ነው፣ ማንም ሊወስደው ይችላል። ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የናንተ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ አውሩ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ስማችሁና ቀኑ ይኑር። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ሙሉውን ጽሑፍ በቴሌግራም ከመላካችሁ በፊት የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ላኩ፣ ፍላጎት ካሳዩ ውል ይፈረም። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ክፍያው መቼ መቼ እንደሚከፈል፣ ዳይሬክተሩ ጽሑፉን ቢቀይር ስማችሁ ምን እንደሚሆን፣ «ደራሲ» የሚለው ፖስተሩም ላይ ፊልሙም ላይ በማን ስም እንደሚወጣ። የመጨረሻውን «እሱማ የታወቀ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በትሕትና፣ የታወቀ ከሆነ እንጻፈው በሉት።